የሌለ አገር ሕግ

የምናብ ዓለም ፈጥሮ የሚጽፍ ደራሲ በፈጠረው ዓለም ያምናል ወይ የሚለው ጥያቄ አንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሁለት ነው። ደራሲው አገሩ በእውን አለ ብሎ ይቀበላል ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ በሚጽፍበት ሰዓት አገሩን እንዳለ ቆጥሮ ለሕጉ ይገዛል ወይ ተብሎም ሊጠየቅ ይችላል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። በሚከተለው ምልልስ በጅማ መርካቶ መጻሕፍት የሚሸጡ አዛውንትና አንዲት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነገሩን ከተረት ተነሥተው፣ በቡና አፈ ታሪክ በኩል አልፈው፣ እስከ ዘመናችን ልብ ወለድ ድረስ ይከተሉታል።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ከከባዱ እንጀምር፣ ልጄ። ያላመነበትን የሚናገር ሰው ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ደራሲ ያላመነበትን ዓለም ጽፎ ሌላውን ሰው እንዴት ያሳምናል?

መምህርቷ፦ የሚታመን ነገር ሁሉ ከአማኝ አይወጣም፣ ጋሼ። አስቀድመን ግን የእኛ ተረት ነጋሪዎች ነገሩን እንዴት እንደጨረሱት እንይ። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ይላሉ። ሲጨርስ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይዘጋል። በመክፈቻውና በመዝጊያው መካከል ጅብ ይናገራል፣ ዝንጀሮ ለዳኝነት ይቀመጣል፤ «አየህ ወይ?» ብሎ ተራኪውን የሚያፋጥጥ የለም። ድንበሩ በግልጽ ተነግሯልና።

መጽሐፍ ሻጩ፦ በኦሮምኛም ያው ነው። «ኦዱ ዱሪ» ከተባለ፣ የጥንት ወሬ ከተባለ፣ ልጁም ሽማግሌውም የሚሰማው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያውቃል። ማንም ለምስክርነት አይጠራም።

መምህርቷ፦ በትክክል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ሲያሳትሙ ይህንኑ ድንበር ሽፋኑ ላይ አኖሩት። የመጽሐፉ ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ውስጡ ሲገባ ጦርነቱ የተካሄደበት አገር ስም የለውም፣ ዘመኑም አይታወቅም። በኋላ ግን መጽሐፉ በጀግናዋ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ተለመደ፤ አንባቢውም ስም ያልተሰጠውን አገር የራሱ አገር አድርጎ ወሰደው። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ደራሲው ክፍት የተወውን አንባቢው ሞላው ማለት ነው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ይኼ የአንባቢው እምነት ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ደራሲው ነው። ወጣቶቹ ፊልሙን አይተው መጽሐፉን እየፈለጉ የሚመጡበት የቀለበቱ ታሪክ አለ፤ ቋንቋ ሳይቀር የፈጠረ ሰው ነው የጻፈው ይላሉ። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው ሳያምን ነው?

መምህርቷ፦ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው፤ በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ወጣ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ረቂቁን እየገፋ ሳለ አንድ ችግር ገጠመው። ገጸ ባሕርያቱ ተበታትነው በየአቅጣጫው ይጓዛሉ። የየቡድኑን ቀን ሲያመሳክር ጨረቃዋ በአንዱ ስፍራ ስትወጣ፣ በዚያው ሰዓት በሌላው ስፍራ ስትጠልቅ አገኛት። ቀደም ብሎ የጻፋቸውን ምዕራፎች ሲያስተካክል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዋለ፤ ይህንንም በአየር ኃይል ሥልጠና ደቡብ አፍሪካ ለነበረው ልጁ በደብዳቤ ነገረው። በዚያን ጊዜ መጽሐፉ አልታተመም፤ ስሕተቱን ቆጥሮ የሚከስሰው አንባቢ አልነበረም።

መጽሐፍ ሻጩ፦ በሌለ አገር ለምትወጣ ጨረቃ!

መምህርቷ፦ ሌላም አለ። «ሆቢት» የተባለው የ1937 መጽሐፉ ላይ ጎለም የተባለው ፍጡር ቀለበቱን በእንቆቅልሽ ጨዋታ መያዣ አድርጎ በፈቃዱ ያቀርበዋል። በኋላ በተጻፈው ትልቁ መጽሐፍ ግን ቀለበቱ ማንም በፈቃዱ የማይለቀው ክፉ ነገር ሆነ። ሁለቱ አይታረቁም። ቶልኪን በ1951 የወጣውን የ«ሆቢት» እትም አረመ። ሌላ ደራሲ ቢሆን አርሞ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን የቀድሞውን ቃል ምክንያት ሰጠው፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢልቦ ቀለበቱን እንዴት እንዳገኘ ለጓደኞቹ የዋሸው ውሸት ነው አለ። የራሱን የደራሲነት ስሕተት የአንድ ምስክር ሐሰት አድርጎ መዘገበው። ደራሲ ለፈጠረው ዓለም ሲገዛ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

መጽሐፍ ሻጩ፦ እንግዲያው ያምናል!

መምህርቷ፦ ለሕጉ ይታመናል ቢሉ ይሻላል። እሱ ራሱ በ1939 ስኮትላንድ ላይ ባቀረበው ንግግር ነገሩን አብራርቶታል። ከእሱ በፊት ኮልሪጅ የተባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ በ1817 አንባቢ ጥርጣሬውን በፈቃዱ ለጊዜው ያቆየዋል ብሎ ነበር። ቶልኪን ይህ አይበቃም አለ። ጥርጣሬውን ማፈን የሚያስፈልገው ሥራው ሲከሽፍ ነው። ደህና የተሠራ ከሆነ አእምሮ የሚገባበት ሁለተኛ ዓለም ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ የሚነገረው ከዚያ ዓለም ሕግ ጋር እስከተስማማ ድረስ እውነት ነው፤ ጥርጣሬ የገባ ዕለት ግን አስማቱ ይፈርሳል። አጥባቂ ካቶሊክ ነበርና ሰው የሚፈጥረው በፈጣሪ አምሳል ስለተፈጠረ ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህ እምነቱ ነው። የፈጠረው ዓለም ግን ሥራው ነው፤ ሁለቱን አላምታታም።

መጽሐፍ ሻጩ፦ አሁን ገባኝ። እንደ ገበጣ ነዋ። ጠጠሩ ጠጠር እንደሆነ ሁለቱም ተጫዋቾች ያውቃሉ፤ ግን አንዱ ከተራው ውጭ እጁን ቢሰድ ጠብ ይነሣል።

መምህርቷ፦ ጨዋታውን የሠራው ራሱ ተጫዋቹ መሆኑ ነው የደራሲውን ነገር ልዩ የሚያደርገው። ሕጉን ያወጣውም የሚታሰርበትም እሱ ነው። ከዚህ አልፎ ደራስያን ገጸ ባሕርያቱ እንቢ አሉኝ፣ በራሳቸው መንገድ ሄዱ ሲሉ ይሰማል። ይህ ለወግ የሚባል ብቻ አይደለም፤ ተጠንቷል። ማርጆሪ ቴይለርና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ50 ልብ ወለድ ጸሐፊዎች 92 ከመቶዎቹ በተወሰነ ደረጃ ይህን እንዳዩ ተናግረዋል። የደረም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በኤድንበራ የመጻሕፍት ፌስቲቫል የተሳተፉ 181 ደራስያንን ጠይቀው በ2020 ውጤቱን ሲያወጡ፣ 63 ከመቶው የገጸ ባሕርያቸውን ድምፅ እንደሚሰሙ፣ 61 ከመቶው ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ በራሳቸው ፈቃድ እንደሚንቀሳቀሱ ገልጸዋል።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ድምፅ ይሰማል? ይህስ ያስፈራል።

መምህርቷ፦ አያስፈራም። አንድ ሰው ለረጅም ጊዜ አብሮ የኖረውን ሰው መልስ ገና ሳይጠይቀው ያውቀዋል፤ ደራሲውም ከገጸ ባሕርዩ ጋር ዓመታት ሲቀመጥ እንዲሁ ነው። ከጠረጴዛው ሲነሣ ሰውዬው መንገድ ላይ ያገኘኛል ብሎ አይጠብቅም። ድንበሩን የተሻገሩ ግን አሉ። አሜሪካዊው ፊሊፕ ኬ. ዲክ የምናየው ዓለም ሐሰት ቢሆንስ የሚል ልብ ወለድ ሲጽፍ ኖረ። በ1974 መጀመሪያ ላይ ራእይ የመሰለ ነገር ደጋግሞ አየና በልብ ወለዶቹ የጻፈው እውነት ሳይሆን አይቀርም ወደማለት ደረሰ። በ1982 እስኪሞት ድረስ ይህን ለመፍታት የጻፈው ማስታወሻ ወደ 8,000 ገጽ ይጠጋል። መልስ ሳያገኝ ሞተ። የዚህ ሰው ልፋት የሚያሳዝንም የሚከበርም ነው፤ የአብዛኛው ደራሲ ዕጣ ግን አይደለም።

መጽሐፍ ሻጩ፦ የመርማሪው ሼርሎክ ሆምስ ደራሲም በመናፍስት ያምን ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

መምህርቷ፦ አርተር ኮናን ዶይል ነው፤ እሱ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። በ1917 ሁለት ልጃገረዶች ከወረቀት ቆርጠው ካቆሟቸው ሥዕሎች ጋር ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ዶይል ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ፍጡራን በእርግጥ ተገኙ ብሎ በ1922 መጽሐፍ ጻፈላቸው። ማታለላቸውን ያመኑት በ1983፣ አርጅተው ነው። ይኸው ዶይል ግን ሆምስን ፈጥሮ፣ ሰልችቶት በ1893 ገድሎ፣ አንባቢ ሲጮህበት መልሶ ያስነሣ ሰው ነው። ሆምስ አለ ብሎ አንድ ቀን አላሰበም። የራሱን ፈጠራ ሳያምን የሌሎችን ፈጠራ አመነ። አንባቢው ደግሞ ለሆምስ በፖስታ ደብዳቤ ይልክለት ነበር።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ስለዚህ ያልሽው ሁሉ ሲጨመቅ፣ ደራሲው ባያምንም አንባቢው ሊያምን ይችላል ነው። ለዚህ የእኛ አገር ምስክር አለው?

መምህርቷ፦ አገራችን ራሷ ምስክር ናት፣ ጋሼ፤ ሌሎች ስለ እርሷ በፈጠሩት። በ1165 እ.ኤ.አ. ገደማ ለቢዛንታይኑ ንጉሥ ማኑኤል የተጻፈ የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓ ተሰራጨ። ላኪው ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ነኝ ይላል። 72 ነገሥታት ይገብሩልኛል፣ በአገሬ ወጣትነት የሚመልስ ምንጭ አለ ይላል። ደብዳቤው የፈጠራ ነው፤ የጻፈው ሰው ማንነት እስካሁን አልታወቀም። ማንም ይሁን ማን፣ ያን ንጉሥ በአሳቡ ሲፈጥር አለመኖሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሆኖም ሊቀ ጳጳሱ አሌክሳንደር ሦስተኛ በ1177 መልእክተኛ ላኩበት። በእስያ ሲፈለግ ቆይቶ ሲታጣ ፍለጋው ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ ያገኟቸው ሥጋና ደም ያላቸውን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር። አብሮ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ኖሮ ያየውን በጥንቃቄ ጻፈ። በ1540 ሊዝበን ላይ ሲታተም ግን የመጽሐፉ ርእስ አሁንም የቄሱ ዮሐንስ አገር የሚል ነበር። ዓይኑ ያየው እውነት እንኳ ያንን የፈጠራ ስም ሊፍቀው አልቻለም።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ያልታወቀ ሰው በጻፈው አንድ ደብዳቤ ባሕር ተሻገሩ!

መምህርቷ፦ ሳሙኤል ጆንሰን ግን የሌላ ዓይነት ነው። በ1735 የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ በመቅድሙም ሎቦን ያመሰገነው ተአምርና ጉድ ሳይፈልግ ያየውን በመጻፉ ነው። ይኸው ተጠራጣሪ ሰው በ1759 የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራሴላስ»ን ጻፈ። በአማራ ምድር፣ በተራራ የታጠረ፣ የንጉሥ ልጆች የሚጠበቁበት የደስታ ሸለቆ ፈጠረ። የንጉሥ ልጆች በግሸን አምባ መጠበቃቸው የእኛው ታሪክ ነው፤ ሸለቆውና ድሎቱ ግን የጆንሰን ነው። ኢትዮጵያን አላያትም፤ ሸለቆው አለ ብሎም አላመነም። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ የእኛ አንባቢም ሸለቆውን ካርታ ላይ ሳይፈልግ አነበበው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ለምን አንዱ ታመነ፣ አንዱ አልታመነም?

መምህርቷ፦ ጆንሰን መጽሐፉን ሲከፍት ታሪክ ሊነግር እንደሆነ አንባቢው ያውቃል፤ የተረቱ መክፈቻ በሌላ መልክ አለ። የቄሱ ዮሐንስ ደብዳቤ ግን ደብዳቤ ነው የሚመስለው፤ ድንበሩ ተደምስሷል። የሚታመነው ደራሲው ስላመነ ሳይሆን ድንበሩ ስለጠፋ ነው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ይህ ነገር ወደ ቡናችን ሊመጣ ነው መሰለኝ።

መምህርቷ፦ መምጣቱ አይቀርም። ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ ማሮናዊ ሊቅ በ1671 ሮም ላይ ስለ ቡና ጥቅም በላቲን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ውስጥ ግመል ወይም ፍየል የሚጠብቁ ሰዎች መንጋችን ሌሊቱን አይተኛም ብለው ለመነኮሳት ያመለክታሉ። አበምኔቱ መሰማሪያውን መርምሮ ቁጥቋጦውን ያገኛል፤ ፍሬውን ቀቅሎ ይጠጣል፤ እንቅልፍ ሲርቀው ለሌሊት ጸሎት እንዲተጉ ለመነኮሳቱ ይሰጣል። ቦታው የመን ነው። ካልዲ የሚል ስም የለም። የእኛ ደንም የለም። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ እረኛው ስም አወጣ፣ ፍየሎቹ መጨፈር ጀመሩ፣ አገሩም ሐበሻ ሆነ። በ1922 የታተመው የዊልያም ዩከርስ ትልቅ የቡና መጽሐፍ ውስጥ ካልዲ ከነፍየሎቹ አለ።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ይህን ጎማ ወረዳ ሄደሽ ብትናገሪ የጮጬ ሰዎች ደስ አይላቸውም። ካልዲ ቡናን ያገኘው እኛ ዘንድ ነው ይላሉ። ከፋዎች ደግሞ ማንኪራ ነው ይላሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም ቦንጋ ነው የተሠራው።

መምህርቷ፦ ሁለቱም የሚመኩበት እውነት አላቸው፤ ያ እውነት ግን ካልዲ አይደለም። የዐረቢካ ቡና መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና በዝርያው ብዛት የሚታወቀው በዚህ ነው። ይህን የሚመሰክሩት ዛፎቹ ናቸው፣ ተመራማሪውም ሄዶ ሊቆጥራቸው ይችላል። ካልዲ በተረትነቱ ይቆይ፤ ደስ የሚል ተረት ነው፣ ለልጆችም ይነገር። ለአገር ይገባኛል ክርክር ግን ሮም ላይ የተጻፈ፣ ስም እንኳ ያልነበረው እረኛ ምስክር ሆኖ ሲቆም የደኑ ማስረጃ ወደ ኋላ ይገፋል። ናይሮኒ የሰማውን ነገረ እንጂ ይህን ሁሉ አላሰበም። ድንበሩን ያፈረሱት ተከታዮቹ ናቸው፤ ተረቱን ከጤና መጽሐፍ ወደ ታሪክ መጽሐፍ ያሻገሩት።

መጽሐፍ ሻጩ፦ እሺ፤ ወደ ገበያዬ ልመልስሽ። «ዴርቶጋዳ»ን የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት «እውነት ነው?» ይላል። ምን ልበለው?

መምህርቷ፦ ልብ ወለድ ነው ይበሉት፤ ቀጥለው ግን ለምን እንደጠየቀ ያስረዱት። ይስማዕከ ወርቁ መጽሐፉን በ2001 ዓ.ም. ሲያወጣ በጣና ሥር የተሰወረ የምሥጢር ስፍራ አበጀ። ጣና ያለ ሐይቅ ነው፤ ገዳማቱም አሉ። በናሳ የሚሠራ ሻጊዝ እጅጉ የተባለ ኢንጂነር አቆመ። ናሳም አለ። ስሙን የሰማ አንባቢ ደግሞ ወዲያው ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስባል።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ቅጣውማ የዚህ አገር ልጅ ነው!

መምህርቷ፦ አዎ፣ በ1940 ዓ.ም. ቦንጋ ተወልደው እዚሁ ጅማ ሚያዝያ 27 ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ከዚያ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ በኋላም ጃፓንና አሜሪካ ሄደው በሳተላይትና በጠፈር መንኮራኩር ምሕንድስና ሠሩ። ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ ሦስት ዓመት ቆይቶ ወጣ። ሐዘኑ ገና ትኩስ ነበርና አንባቢው ሻጊዝን ሲያገኝ ቅጣው ያልሞቱ መሰለው። የመጽሐፉ ኃይል እዚህ ላይ ነው። ደራሲው በጣና ሥር ያለውን ስፍራ ማመን አላስፈለገውም፤ የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአገሩ ትልቅ ነገር ሊሠራ ይችላል የሚለውን ምኞት ማወቅ ነበር። ያ ምኞት ደግሞ በአንባቢው ዘንድ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ተከታዮቹ መጻሕፍት «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» የተነበቡትም ለዚህ ነው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ታዲያ ጥፋት አለበት ትያለሽ?

መምህርቷ፦ በደራሲው ላይ ጥፋት የለም። ልብ ወለድ ነው ብሎ ነው የሸጠው፤ የዓለሙንም ሕግ ጠብቋል። ጉዳቱ ያለው በእኛ በኩል ነው። ወጣቱ አንባቢ ስለ ሻጊዝ አንድ ሙሉ ሰዓት ያወራል፤ ስለ ቅጣው ጠይቁት፣ ናሳ ሠርቷል ከማለት አያልፍም። በምን ዓይነት መንኮራኩር ላይ እንደሠሩ፣ ጅማ ሳሉ ማን እንዳስተማራቸው፣ ከቦንጋ እስከዚያ እንዴት እንደደረሱ አያውቅም። ፈጠራው እውነተኛውን ሰው የሚሸፍነው እውነተኛው ታሪክ ከጎኑ ሳይቆም ሲቀር ነው።

መጽሐፍ ሻጩ፦ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለእኔ ቀላል ነው። ሁለተኛውን አምጪልኝ።

መምህርቷ፦ እኔ ብቻዬን አልችልም። ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን በቦንጋ ወይም በሚያዝያ 27 በተማሪነት ያወቀ፣ አብሯቸው አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ፣ ያስተማራቸው ወይም ደብዳቤ የተጻጻፋቸው ሰው ካለ ያየውን በቀንና በቦታ ለይቶ ይጻፍ፤ ጽፎም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ያስረክብ።